በውጭ አገር የሕፃናት ማሳደጊያ በበጎ ፈቃድ እንዴት ማገልገል ይቻላል?

ወደ ሌላ አገር ሄዶ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት መንከባከብ ብዙ ቅን ሰዎች የሚመኙት ተግባር ነው። ይሁን እንጂ ገና በጨቅላነት ዕድሜ ላይ ያለ ሕፃን ከማንኛውም ስጦታ በላይ የሚያስፈልገው ዛሬ ያቀፈው ሰው ነገም ተመልሶ የሚያቅፈው መሆኑ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ፣ ፍቅሩ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፣ ይህን ሊሰጠው አይችልም። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ በሙሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ያረፈ ነው፤ ይኸውም በጎ ፈቃደኛው መሄድ ያለበት ሕፃኑ እንዲለምደው ሳይሆን ሕፃኑን በየዕለቱ የሚያሳድጉትን ሰዎች ለማገዝ ነው።

1. ተቋሙ ለምን እንደተከፈተ ይረዱ

በማሳደጊያ ተቋማት ከሚኖሩት ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥትና ዩኒሴፍ ባወጡት ጥናት፣ በተቋማት ውስጥ ካሉት ሕፃናት ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ያጡት አንድ አራተኛ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሆኖም ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት የማሳደጊያዎቹ ቁጥር 75 በመቶ ጨምሯል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት የውጭ ለጋሾችና ጎብኚዎች ገንዘብ ነው። በኔፓልም ብዙዎቹ ማሳደጊያዎች ተሰብስበው የሚገኙት ቱሪስት በሚበዛባቸው ጥቂት ወረዳዎች ነው።

ነገሩ የሚፈጸምበት መንገድ ከቦታ ቦታ ይመሳሰላል። ደላላ ወደ ድሃ ገጠር ይሄዳል፣ ልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት እንደሚገባ ለወላጆች ይነግራል፣ ልጁም ከተማ ሲደርስ በሰነድ ላይ ወላጅ አልባ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ጎብኚ መዋጮ ተጨማሪ ልጅ ለማምጣት ምክንያት ይሆናል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘመናዊ ባርነትን የሚመለከት ሕግ ስታወጣ ልጆችን ገንዘብ ለማግኘት ሲባል ወደ ተቋም ማስገባት ከባርነት ዓይነቶች እንደ አንዱ እንዲታይ አድርጋለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ፣ መንግሥታት በማሳደጊያዎች የሚካሄደው በጎ ፈቃደኝነትና ጉብኝት የሚያስከትለውን ጉዳት እንዲከላከሉ ጠይቋል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት ሳይሆን የመጀመሪያው እርምጃ የጉዞ ትኬት መቁረጥ ሳይሆን ማጣራት መሆኑ ግልጽ እንዲሆን ነው።

2. ተቋሙን በጥያቄ ይመርምሩ

ለኃላፊዎቹ በጽሑፍ ይጻፉና ተቋሙ ከአገሩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዳለው፣ አንድ ሞግዚት ስንት ሕፃናት እንደምትይዝ፣ ሞግዚቶቹ በአማካይ ለምን ያህል ዓመት እንደሚቆዩ፣ ባለፈው ዓመትም ስንት ልጆች ወደ ወላጆቻቸው፣ ወደ ዘመዶቻቸው እንደተመለሱ ወይም ወደ አደራ ቤተሰብ (ማለትም የሌላን ሰው ልጅ በቤቱ ተቀብሎ ወደሚያሳድግ ቤተሰብ) እንደገቡ ይጠይቁ። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ጥያቄ ዋነኛው ነው፤ ምክንያቱም ዓላማው ልጆችን ወደ ቤተሰብ መመለስ የሆነ ተቋም መልሱን በቁጥር ያውቀዋል፣ ልጆችን እያቆየ የሚኖር ተቋም ግን ጥያቄውን ይሸሻል።

ተቋሙ እርስዎን እንዴት እንደሚመረምርም ያስተውሉ። ከወንጀል ነፃ መሆንዎን የሚያረጋግጥ ማስረጃ፣ ከቀድሞ አሠሪዎች የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ ሳይጠይቅ ነገውኑ እንዲመጡ የሚፈቅድ ቦታ ለሌላውም ሰው በሩን እንደዚያው ይከፍታል፤ ስለዚህ በእኔ እምነት ይህ ብቻውን ላለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። ሕፃናቱ ለእንግዶች እየዘፈኑ የሚጨፍሩበት፣ ጎብኚ ልጅ ይዞ ወደ ከተማ እንዲወጣ የሚፈቀድበት ወይም ፊታቸው የሚታይ ፎቶግራፍ መዋጮ ለመሰብሰብ የሚለጠፍበት ተቋምም እንዲሁ ይቅርብዎ።

3. የሥራ ድርሻዎን አስቀድመው ይወስኑ

ብዙዎች የሚያመለክቱት ከልጆች ጋር ለመጫወት ነው። ይሁንና ሞግዚቶቹን በእውነት የሚያሳርፈው አልጋ ልብስ የሚያጥብ፣ ሒሳብ የሚያስተካክል፣ የተሰበረ ቧንቧ የሚጠግን፣ የልጆቹን የሕክምና መዝገብ የሚያደራጅ ሰው ነው። የሕፃናት ሐኪም፣ ነርስ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወይም የንግግር ሕክምና ባለሙያ ከሆኑ ደግሞ ዕውቀትዎን በቀጥታ በልጁ ላይ ከማዋል ይልቅ ለሞግዚቶቹ ያሠልጥኑ፤ አካል ጉዳት ያለበትን ሕፃን እንዴት አስቀምጦ መመገብ እንደሚቻል የተማረች ሞግዚት እርስዎ ከሄዱ በኋላም ትመግበዋለች። ሌላው ጥሩ ድርሻ ከተቋሙ ውጭ ያለ ነው፤ ቤተሰቦች ከልጆቻቸው እንዳይለያዩ በሚሠሩ የሕፃናት መዋያዎች፣ የእናቶች ማዕከሎችና የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮዎች ማገልገል በአብዛኛው የተሻለ ምርጫ ይመስለኛል።

በቀጥታ ከሕፃናት ጋር የሚያገናኝ ሥራ የሚሰጥዎ ከሆነ ቆይታዎ በወራት እንጂ በሳምንታት የሚቆጠር አይሁን፤ የአገሩን ቋንቋም ቢያንስ ሕፃን በሚያባብሉባቸውና በሚመግቡባቸው ቃላት ልክ አጥንተው ይሂዱ።

4. ሰነድና ጤናን ያዘጋጁ

በብዙ አገሮች በቱሪስት ቪዛ መሥራት፣ ያለ ደመወዝም ቢሆን፣ የተከለከለ ስለሆነ ተገቢውን ቪዛ ኤምባሲውን ጠይቀው ይያዙ። ኩፍኝን፣ ትክትክንና ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከሉ ክትባቶች መሟላታቸውን፣ የሳንባ ነቀርሳ እንደሌለብዎም ሐኪም ያረጋግጥልዎ፤ በአንድ ክፍል ተሰብስበው በሚኖሩ ሕፃናት መካከል በሽታ በፍጥነት ይዛመታል።

5. ከሕፃናቱ ጋር ሲሆኑ

ገና ከመግባትዎ ሮጦ የሚጠመጠምብዎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ እንዲያነሡት የሚለምን፣ ሲያወርዱት የሚያለቅስ ሕፃን ያጋጥምዎት ይሆናል። ይህን የፍቅር ምልክት አድርጎ መውሰድ ቀላል ነው። ነገር ግን በቤተሰብ ያደገ ሕፃን የማያውቀውን ሰው ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እናቱ ይሸሻል፤ ሁሉንም እንግዳ ያለ ልዩነት የሚያቅፍ ሕፃን ግን የራሴ የሚለው ሰው ጎድሎት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ዋና ከተማ ቡካሬስት በተጀመረውና 136 ሕፃናትን በተከታተለው ጥናት፣ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ከተቋም ወጥተው ወደ አደራ ቤተሰብ የገቡት ሕፃናት ከአሳዳጊያቸው ጋር የመሠረቱት ትስስር ዘግይተው ከወጡትም ሆነ በተቋም ከቀሩት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ለሕፃኑ አእምሮ መጎልበት አንድ የማይለዋወጥ ሰው የሚያስፈልገው በእነዚህ የመጀመሪያ ዓመታት ነው።

ስለዚህ ሕፃኑ ወደ እርስዎ ሲሮጥ አይግፉት፣ ግን አንሥተው ይዘውት አይዙሩም። ቁመትዎ ከቁመቱ እንዲስተካከል ቁጭ ይበሉ፣ ስሙን ጠርተው ሰላም ይበሉት፣ ከዚያም እጁን ይዘው ወደ ሞግዚቱ ይውሰዱትና የሚያባብለውን እቅፍ እርሷ ትስጠው። ሞግዚቷ ሌላ ሥራ ይዛ ከሆነ ያን ሥራ እርስዎ ይቀበሏት፤ ጡጦውን አጥበው ያስቀምጡ፣ አልጋውን ያንጥፉ፣ እርሷ እጇ ይፈታ። እንዲመግቡ ከተጠየቁ ማንኪያውን ከማቅረብዎ በፊት ለሕፃኑ ያሳዩት፣ እስኪውጥ ይጠብቁ፣ ፊቱን ካዞረ አያስገድዱት። በተጨናነቀ ተቋም ውስጥ ሕፃናት ተራ በተራ በጥድፊያ ስለሚጎረሱ ይህ ትዕግሥት ትልቅ ዋጋ አለው።

ዳይፐር መቀየርና ገላ ማጠብ የሞግዚቶች ሥራ ሆኖ ይቆይ። ከአንድ ሕፃን ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻዎን አይሁኑ፤ ይህ ደንብ ልጁንም እርስዎንም ይጠብቃል። አንዱን ልጅ ለይተው ስጦታ አይስጡ፣ ከተቋሙ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ ፎቶግራፍ አያንሡ፣ የልጁን ታሪክም ለማንም አያውሩ። ልጅ ሲመታ፣ ሲራብ ወይም በሥራ ሲደክም ካዩ ያዩትን ከነቀኑና ሰዓቱ ጽፈው በተቋሙ ውስጥ ለሕፃናት ጥበቃ ኃላፊ፣ ኃላፊው የማይሰማ ከሆነም ለአገሩ የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያቅርቡ።

6. ሲሰናበቱ

ልጆች ያልተደበቀባቸውን መለያየት ከድንገተኛ መጥፋት በተሻለ ይችሉታል፤ ተደብቆ መሄድ ደግሞ ለቀጣዩም ሰው ያላቸውን እምነት ያጎድላል። ስለዚህ የሚሄዱበትን ቀን ከሞግዚቶቹ ጋር ተመካክረው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በቀላል ቃል ይንገሯቸው፤ «ከሦስት ሌሊት በኋላ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ እናንተ ግን እዚህ ከሞግዚቶቻችሁ ጋር ትቆያላችሁ» ማለት ይበቃል። በእርግጠኝነት የማይመለሱ ከሆነ እመለሳለሁ አይበሉ፤ ለዚያ ቃል ብሎ በር በሩን የሚያይ ልጅ ይኖራል።

ወደ አገርዎ ከተመለሱ በኋላ መርዳት ከፈለጉ ገንዘቡን የሚልኩት ተቋሙን ለማስፋፋት አይሁን። ልጆችን ከቤተሰብ የሚያገናኙ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችን ደመወዝ ለሚከፍል፣ ለአደራ ቤተሰቦች ድጋፍ ለሚሰጥ ወይም ድሃ ወላጅ ልጁን በቤቱ እንዲያሳድግ ለሚረዳ ድርጅት ይላኩት፤ ከመላክዎም በፊት ለማሳደጊያው ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ለዚህኛውም ድርጅት ያቅርቡ።