ለማታ የኮረኮንች መንገድ የብስክሌት መብራት እንዴት ይመረጣል?

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት ይባላል፤ እውነትም ናት። መብራት የተገጠመለት ብስክሌት ፈልጋችሁ አምጡ ብትባሉ ግን ትቸገራላችሁ። አይፈረድብንም። አስፋልት ላይ የመንገዱ፣ የሱቁና የባጃጁ መብራት ተደማምሮ እስከ ቤት ያደርሳል።

ነገሩ የሚቀየረው ከአስፋልት ስትወርዱ ነው። በዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ ያለው ቀጭን መንገድ፣ የቤዛዊት ቁልቁለት፣ ወደ ጢስ ዓባይ አቅጣጫ በእርሻ መካከል የሚያልፉት የእግር መንገዶች፣ ሁሉም ጀምበር ስትጠልቅ ሌላ መንገድ ይሆናሉ። ደግሞ እኛ ጋ ጨለማው ጊዜ አይሰጥም። ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትጠልቃለች፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድፍን ጨለማ ነው። ዘጌ ጫካ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ቀደም ብሎ ይጨልማል፤ ዛፉ ሰማዩን ይሸፍነዋል።

የሰዓት ገደብ ባለበት ሰሞን ወይም አካባቢው ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ይህን ሁሉ እርሱት፤ በቀን ንዱ። ሰላም ሲሆን እንቀጥል።

መጀመሪያ ፍጥነታችሁን አስሉ

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 5 ሜትር ተኩል ይሄዳል። መብራታችሁ የሚያሳያችሁ 10 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ድንጋዩን አይታችሁ ፍሬን እስክትይዙ መንገዱ ግማሹ አልቋል። ጠጠር ላይ ደግሞ ፍሬን ቶሎ አይዝም። በዘጌ ጫካ የዛፍ ሥርና ድንጋይ እየዘለላችሁ በቀስታ ለምትሄዱት 400 ሉመን አካባቢ ይበቃችኋል፤ ሉመን መብራቱ የሚያወጣው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ለቁልቁለትና ለሰፊ ጠጠር መንገድ ከ800 እስከ 1,000 እውነተኛ ሉመን ፈልጉ። ከዚያ በላይ ያለው ለብስክሌት ተወዳዳሪ ነው።

«እውነተኛ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ካርቶኑን ተዉት፣ ባትሪውን መዝኑ

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑ ላይ «20,000 ሉመን»፣ «9,900 ሚሊ አምፒር» የሚል ታያላችሁ፤ ሁለተኛው ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ነው (ሙሉ ስሙ ሚሊ አምፒር-ሰዓት፣ mAh)። ሻጩም ካርቶኑን ያነብላችኋል እንጂ ለክቶ አያውቅም። እናንተ ግን ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር ውሸቱን ልትይዙት ትችላላችሁ።

አብዛኛው የብስክሌት መብራት ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ድንጋይ ነው። ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር። በዚህ መጠን በሰፊው ከሚሸጡት ጥሩ የሚባሉት 3,500 ሚሊ አምፒር ገደማ ይይዛሉ። 9,900 የሚል ካያችሁ ፎርጅድ ነው፤ ክርክር የለውም።

አሁን ሒሳቡ። ሚሊ አምፒሩን በ1,000 አካፍሉ፤ ያገኛችሁትን በ3.7 አባዙ። 3.7 የድንጋዩ ቮልት ነው። 3,000 ሚሊ አምፒር ያለው አንድ ድንጋይ 11 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ 11 ዋት ለአንድ ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። ደህና የኤልኢዲ መብራት ደግሞ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ያወጣል። ስለዚህ 1,000 ሉመን ለማብራት 10 ዋት ይፈልጋል። ባለ አንድ ድንጋይ መብራት በ1,000 ሉመን አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ባለ ሁለት ድንጋይ ሁለት ሰዓት። አለቀ። ማንም ኩባንያ ከዚህ ብዙ ሊርቅ አይችልም።

በዚህ ሚዛን የካርቶኑን ወሬ ፈትሹት። ባለ አንድ ድንጋይ መብራት «20,000 ሉመን ለ6 ሰዓት» ይላል እንበል። 200 ዋት ለ6 ሰዓት፣ 1,200 ዋት-ሰዓት ነው። ይህን ለመያዝ ከመቶ በላይ ድንጋይ ያስፈልጋል። እናንተ የያዛችሁት መብራት ኪስ ውስጥ ይገባል።

ድንጋዩ ወጥቶ የሚገባ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። ትክክለኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ወርቅ ቤት ያለች ትንሽ ሚዛን ትበቃለች፤ ሰው ቢስቅባችሁም ይሳቅ። 30 ግራም የሚመዝን ካገኛችሁ ውስጡ ያለው ነገር የተባለውን ያህል አይደለም። አንዳንዱ ፎርጅድ ግን ክብደት እንዲሞላ ባዕድ ነገር ይጨመርበታል። ስለዚህ ሚዛኑን ማለፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ዋናው ፈተና ቤት ውስጥ ነው። ሙሉ ቻርጅ አድርጉት። በምትነዱበት ብርሃን አብሩትና ሰዓት ያዙ። ቬንትሌተር ካለ ፊቱ አስቀምጡት፤ እነዚህ መብራቶች የሚቀዘቅዙት በንፋስ ነው፤ ቆመው ሲበሩ ይግሉና ራሳቸውን ያደበዝዛሉ። መቼ እንደደበዘዘ፣ መቼ ጭራሽ እንደጠፋ ጻፉ። አንዳንዱ ቀስ እያለ ይደክማል፤ አንዳንዱ ምንም ሳይናገር ድርግም ይላል። ሁለተኛውን ዓይነት ቁልቁለት ላይ ማግኘት አትፈልጉም። የጉዟችሁ ሰዓት ከለካችሁት ሰዓት ከሁለት ሦስተኛው እንዳይበልጥ አድርጉ።

ስትገዙ «አይሠራም ብዬ ብመልሰውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ፊቱን ካዞረ መልሱ ተሰጥቷችኋል።

መሪው ላይ ነው ወይስ ሄልሜት ላይ?

ሁለቱም ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ግን እኔን ቢጠይቀኝ፣ መሪው ላይ እለዋለሁ። ሄልሜት ይሻላል የሚሉ ጎበዝ ነጂዎች አሉ። አልስማማም፤ ምክንያቴም ጥላ ነው።

መሪው ላይ ያለ መብራት ከዓይናችሁ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ድንጋዩ ከኋላው ጥላ ሲጥል ታዩታላችሁ። ጉድጓዱም ጠቁሮ ይታያል። ዓይናችሁ ድንጋይ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ጥላ ነው። ሄልሜት ላይ ሲሆን ግን ብርሃኑ ከዓይናችሁ አጠገብ ይነሳል። ጥላው ከድንጋዩ ጀርባ ይደበቅና መሬቱ ሁሉ ሜዳ ይመስላል። እኛ አካባቢ ድንጋዩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ብርሃን ይውጣል እንጂ አይመልስም። ጥላውን ካጣችሁ እሱንም አጣችሁት።

አቧራም አለ። በበጋ አንድ አይሱዙ ካለፈ በኋላ የሄልሜት መብራት ስታበሩ የምታዩት ነጭ ግድግዳ ነው። ትንኝም እንደዚሁ፤ ሐይቁ ዳር ብርሃኑን ተከትሎ ቀጥታ ወደ ዓይንና ወደ አፍ ይመጣል። ነጭ መስታወት ያለው መነጽር አድርጉ።

ታዲያ ሄልሜቱ ላይ ያለው ለምን ይጠቅማል? ለኩርባ። የመሪው መብራት ጎማው ወደሚያይበት ብቻ ያያል፤ ጠመዝማዛ የቡና ጫካ መንገድ ላይ ግን ማየት የምትፈልጉት ገና ያልዞራችሁበትን ነው። አንገታችሁን ስታዞሩ ብርሃኑም ይዞራል። ጎማ ሲፈነዳም ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ግንባር ላይ የምትታሰረው ተራ ባትሪ ሄልሜቱ ላይ በደንብ ከታሰረች ትበቃለች። ከመሪው መብራት ደከም ያለች ትሁን። ከበለጠችው ያንን ጥላ ታጠፋዋለች።

የብርሃኑ ቅርጽም ይታይ። የመሪው ሰፋ ብሎ የሚረጭ፣ የሄልሜቱ ጠበብ ብሎ የሚርቅ ቢሆን ይመረጣል። ለአስፋልት የተሠሩ አንዳንድ መብራቶች ከላይ በኩል ተቆርጠው ወደ ታች ብቻ ያበራሉ። ለባለ መኪናው ደግ ናቸው፤ ለእናንተ ግን የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ አያሳዩም። ቀለሙ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ከሚሆን ትንሽ ሞቅ ያለ ነጭ ይሁን። በ4,000 እና በ5,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) መካከል ያለው አፈሩን ከዛፍ ሥር ለመለየት ይሻላል።

አገጣጠም

በላስቲክ የሚታሰረው ዓይነት ኮብልስቶን ላይ አንድ ሰፈር ሳያልፍ ወደ መሬት ያጎነብሳል። በብሎን የሚጠብቅ ማያዣ ግዙ። ከማያዣው ሥር ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ጠቅልሉ፤ ጎማ ጠጋኙ በነፃ ይሰጣችኋል። በቀጭን ገመድም ከመሪው ጋር እሰሩት፤ ቢነቀል ከጎማው ሥር አይገባም።

ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ ሜዳ ላይ የብርሃኑ እምብርት ከ10 እስከ 15 ሜትር ፊት ለፊት ይረፍ። ጎማው ሥር የሚያበራ መብራት የሚያሳያችሁ ያለፋችሁትን ነው።

ዝናብ፣ ቻርጅና መብራት ኃይል

ከሰኔ እስከ መስከረም ለምትነዱ፣ አይፒኤክስ (IPX) ዕቃው ውኃ የሚቋቋምበት ደረጃ ነው፤ አይፒኤክስ 4 የሚል ዕቃ ፍንጣሪ ውኃ ይችላል። አይፒኤክስ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲቆይ የተፈተነ ነው። የእኛ ክረምት ተራ ካፊያ ስላልሆነ ሁለተኛውን ብታገኙ ጥሩ። የቻርጅ ቀዳዳው ክዳን ልል ከሆነ ግን ጽሑፉ ምንም አያደርግላችሁም። ከዝናብ እንደገባችሁ ወዲያው አትሰኩት፤ አድርቁት።

ቀዳዳው ታይፕ ሲ ይሁን። የራሱ ልዩ ገመድ ያለው መብራት ገመዱ የጠፋ ዕለት ጌጥ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ፤ ፓወር ባንክ ሰክታችሁ አብሩት። አንዳንዱ ቻርጅ ሲደረግ አይበራም። መብራት በሚሄድበት ከተማ ፓወር ባንክ ላይ ተሰክቶ የሚበራ መብራት ጉዞ ያተርፋል። 10,000 ሚሊ አምፒር የሚለው ፓወር ባንክ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ከሚባክነው ጋር የሚሰጠው ወደ 6,000 አካባቢ መሆኑን አስታውሱ።

ያበጠ ድንጋይ አትጠቀሙ። ተኝታችሁ ቻርጅ አታድርጉ።

የኋላው ቀይ

መመለሻችሁ አስፋልት ነው፤ ከኋላችሁ ባጃጅና አይሱዙ ይመጣል። ትንሽ ቀይ መብራት ከመቀመጫው ሥር እሰሩ። ዋጋዋ ትንሽ ነው። የፊቱን ነጭ ግን ብልጭ ድርግም አታድርጉት፤ ርቀት መገመት ያሳጣል፣ የሚመጣውንም ሰው ያደናግራል።

መንገድ ላይ

ገጠር ውስጥ ማታ ያለ መብራት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ኃይለኛ ብርሃን ያስደነግጠዋል፤ ማን እንደሆናችሁ አያውቅማ። ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ቀድማችሁ «እንደምን አመሻችሁ» በሉ። ሄልሜት ላይ ያለውን ፊቱ ላይ አታብሩ። የላም፣ የፍየልና የውሻ ዓይን ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል፤ የጅብም እንዲሁ። የሰው ዓይን ግን አያበራም። ስለዚህ «የሚያበራ ነገር የለም» ማለት መንገዱ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያለውን የውኃ ዳር መንገድ ግን ማታ ተዉት። ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ከውኃ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው። መብራት አይፈራም፤ በእሱና በውኃው መካከል የገባን ደግሞ አይምርም። ብርሃናችሁ ውስጥ ግዙፍ ነገር ካያችሁ ለማጣራት አትጠጉ፤ ቁሙ፣ በመጣችሁበት ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። ለዚህም መመለሻውን የሚያበራ ትርፍ የባትሪ ድንጋይ በኪሳችሁ ይኑር፤ እሱንም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካካ በፕላስቲክ ሣጥን ያዙት።