ከአዳማ እስከ ሙሻ ደሴት፦ ድንኳን ይዞ ኮራል ለማየት እንዴት ይኬዳል?

ከአዳማ ተነስቶ ባህር ማየት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሞምባሳን ወይም ዛንዚባርን ነው። እኔ የምመክረው ግን የቅርቡን ነው። ከጅቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ውስጥ፣ ሙሻ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። አጠገቧ ማስካሊ አለች። ሁለቱም ከኮራል፣ ማለትም ድንጋይ ከሚመስል የባህር እንስሳ፣ የተሠሩ ዝቅ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ዙሪያቸው በሕግ የተጠበቀ የባህር ክልል ነው። ሙሻ ላይ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ አለ። ዳርቻው ላይ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ስትነክሩ ደግሞ ዓሣና ኮራል ከእግራችሁ ሥር ይጀምራል።

ደሴቷ ላይ የሚጠጣ ምንጭ የለም። እንደ ልብ የሚገዛበት ሱቅም የለም። ስለዚህ የጉዞው ዋና ሥራ የሚሠራው ገና አዳማ ሳላችሁ ነው።

ጊዜውን ምረጡ

ጥሩው ወቅት ከህዳር እስከ የካቲት ነው። በኛ ክረምት ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ትኩስ ነፋስም አለ። በዚያ ወቅት ድንኳን ውስጥ ማደር አይታሰብም።

ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ ወደ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ ምግቡ ግን ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ሰው አይነካም። የሚታየው ከሙሻ ሳይሆን አርታ በሚባለው የባህር ዳርቻ በኩል ነው። ስለዚህ ከፈለጋችሁ ሌላ የጀልባ ቀን መድቡ።

አንድ ነገር አስታውሱ። ጅቡቲ ውስጥ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ቢሮ ይዘጋል፣ የከተማው ሰውም ወደ ደሴቶቹ ይወጣል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከእሁድ እስከ ረቡዕ ባለው ቀን ይሂድ።

ወረቀትና ባቡር

ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። የቪዛውን ነገር ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ከጅቡቲ ኤምባሲ አጣሩ።

ከሰበታ ጅቡቲ ውስጥ እስካለው ናጋድ ጣቢያ 752 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የባቡር መስመር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረ ሲሆን አዳማ ላይ ጣቢያ አለው። የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ አይገኝም፤ ፕሮግራሙም ይቀያየራል። ጣቢያው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። ባቡሩ በቀጥታ ይሄዳል ወይስ ድሬዳዋ ላይ ያሳድራል? ይህንንም በዚያው ጠይቁ። ከብት ወይም ግመል ሐዲድ ላይ ወጥቶ ባቡር የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የጀልባ ቀጠሮ በደረሳችሁበት ማግስት ጠዋት አትያዙ፤ አንድ ቀን ትርፍ ይኑራችሁ። በነገራችን ላይ መተሐራ ስትደርሱ መስኮት ዳር ብትሆኑ ጥሩ ነው። የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ በደንብ ይታያሉ።

ናጋድ ጣቢያ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ታክሲ ያስፈልጋል። ብር እዚያ አይሠራም። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። ይህን ካወቃችሁ መንገድ ላይ የሚመነዝር ሰው አያታልላችሁም። ሰዓታችን አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ግን ይለያል። ባለ ጀልባው «በ8 ሰዓት» ካላችሁ በኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ደግማችሁ አረጋግጡ። ከተማው ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ሶደሬ ላይ ተለማመዱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ማስክ (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን የውሃ መነጽር) እና ስኖርክል (ፊት ውሃ ውስጥ ሆኖ በአፍ የሚተነፈስበት ቱቦ) ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለበሰው ባህር ላይ መሆን የለበትም። አብዛኞቻችን ከባህር ርቀን ነው ያደግነው። ሞገድ፣ ጨውና አዲስ ዕቃ ባንዴ ሲመጡ ጎበዝ ዋናተኛም ይደነግጣል። አዳማ ደግሞ የሆቴል ገንዳ አላት፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ የሶደሬ ገንዳ አለ። ገንዳውን ብቻ ተጠቀሙ። አዋሽ ወንዝ ውስጥ አዞ አለ፤ ቆቃ ሐይቅም ለዚህ ልምምድ አይሆንም።

ማስኩን ስትመርጡ ላስቲኩን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፉትና በአፍንጫ ትንሽ አየር ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ከወደቀ ውሃ ያስገባል፤ ላስቲክ ማጥበቅ አያድነውም። ጺም ያላችሁ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን ብትላጩት ይሻላል። ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ማስክ ለጀማሪ አልመክርም። ውሃ ሲገባበት ቶሎ ለማውለቅ ያስቸግራል፣ የተነፈሳችሁት አየርም ውስጡ ሊጠራቀም ይችላል።

የስኖርክሉ ቱቦ ቢረዝም ጠለቅ ብሎ ለመተንፈስ ይረዳል የሚል ሰው አይጠፋም። አይረዳም። ወረድ ባላችሁ ቁጥር ውሃው ደረታችሁን ይጫናል፤ ሳንባም አየር መሳብ ያቅተዋል። በረዥም ቱቦ ውስጥ ደግሞ የተነፈሳችሁት አየር ሳይወጣ ተመልሶ ይሳባል። ለዚህ ነው ቱቦው ሁልጊዜ አጭር የሚሆነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቁሙ። ፊታችሁን ነክራችሁ በአፍ ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። የመጀመሪያው ደቂቃ ያስጨንቃል፣ ከዚያ ልብ ይረጋጋል። ቀጥሎ ቱቦውን ሆን ብላችሁ ውሃ ሙሉትና በአንድ ጠንካራ ትንፋሽ ወደ ላይ አስወጡት። ከዚያ ማስኩ ውስጥ ውሃ አስገቡ። የላይኛውን ጠርዝ በጣት ተጫኑ፣ ቀና በሉ፣ በአፍንጫ ተንፍሱ። ውሃው ከታች ይወጣል። ይህን ያለ ድንጋጤ መሥራት ስትችሉ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ የዋና መቅዘፊያ) አድርጋችሁ ተንሳፈፉ። እግር የሚንቀሳቀሰው ከዳሌ ነው እንጂ ከጉልበት አይደለም። መስታወቱ ጉም እንዳይዘው ውስጡን በምራቅ አሽታችሁ በትንሽ ውሃ አለቅልቁት።

ዋና የማይችል ሰውም መሄድ ይችላል፤ ግን ላይፍ ጃኬቱ ከሰውነቱ አይለይ፣ እግሩ መሬት ከሚነካበትም አይራቅ።

ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ?

ውሃ ከሁሉ ይቀድማል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 6 ሊትር ያዙ፤ ለመጠጥ፣ ለምግብና ጨውን ከፊት ለማጠብ። ጅቡቲ ከተማ ገዝታችሁ ጀልባው ላይ ጫኑት።

ለምግብ የኛ ስንቅ ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ሙቀት አያበላሸውም፣ በሶ እሳት እንኳ አይፈልግም። ጅቡቲ ውስጥ ምግብ ውድ ስለሆነ ኪስም ያርፋል። ለሻይ ትንሽ ከሰል ያዙ። የጋዝ ሲሊንደር ባቡርም ጀልባም ላይ ሊያስከለክላችሁ ይችላል።

እጅጌው ረዥም የሆነ ስስ ካናቴራና ጠበቅ ያለ ሱሪ ለውሃ ያዙ። ስትንሳፈፉ ፀሐይ የምትጠብሰው ጀርባንና የእግርን ኋላ ነው፤ ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ ደግሞ አይታወቃችሁም። የምትቀቡት ክሬም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ኦክሲቤንዞን የሚባለው ንጥረ ነገር ኮራል ይጎዳል ተብሎ ሃዋይ ውስጥ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሸጥ ተከልክሏል። ወፍራም ሶል ያለው የውሃ ጫማ፣ የራስ ባትሪ፣ የወባ አጎበርና ባዶ የቆሻሻ ከረጢቶችም አይረሱ።

ደሴቷ ላይ

ጀልባ የሚገኘው ከጅቡቲ ወደብ አካባቢ ነው። እንደ ጀልባው ዓይነት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማደር እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ለአስጎብኚው ንገሩት፤ ፈቃዱንም ድንኳን የሚተከልበትንም ቦታ እሱ ያስተካክላል። የመልሱ ሰዓት ሳይቆረጥ ሙሉ ሂሳብ አትክፈሉ። ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት እንዳለውም ከመሳፈራችሁ በፊት እዩ።

ባህር በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። አሸዋው ላይ የደረቀ የባህር አረም ተሰልፎ የምታዩበት መስመር ውሃው የደረሰበት ነው። ድንኳኑን ከዚያ በላይ፣ በደንብ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። የድንኳን ካስማ አሸዋ ላይ አይጸናም። ከረጢት በአሸዋ ሞልታችሁ ገመዱን እሱ ላይ አስራችሁ ቅበሩት። ምግብ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ማታ ሸርጣን ይመጣል። ማንግሮቭ አትቁረጡ፣ የደረቀም ቢሆን።

ውሃ ውስጥ ግቡ

ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ግቡ። ብቻችሁን በጭራሽ አትግቡ። መጀመሪያ ዳር ቆማችሁ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ተመልከቱ። ስትጀምሩ ፍሰቱን ተቃርናችሁ ሂዱ፤ ሲደክማችሁ ወደ መጣችሁበት ይመልሳችኋል።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የሚያድግ ዓይነት አለ። አንድ ጊዜ በፊን መምታት የብዙ ዓመት ዕድገት ያፈርሳል። ስለዚህ አትቁሙበት፣ አትንኩት፣ ማስክ ለማስተካከል ከፈለጋችሁ በጀርባ ተንሳፈፉ። ጨው ውሃ ከገንዳ ይልቅ ሰውነትን ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ ይህ አያስቸግርም። ዛጎልም እዚያው ይቅር፤ ባዶው ዛጎል የሸርጣን ቤት ነው።

ጠልቆ ማየት የሚፈልግ ሰው ከመግባቱ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ የለበትም። ይህ ሰውነት «አየር አለቀብኝ» የሚልበትን ምልክት ያዘገየዋል፤ ሰውም ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል።

ድንጋይ የሚመስል መርዛማ ዓሣ አለ፤ እሾሃማ የባህር ጃርትም አለ። ጫማው ለዚህ ነው። ዓሣው ከወጋ እግሩን ሰው ሊችለው በሚችል ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በቶሎ ወደ ከተማ ሐኪም ውሰዱት። ሙቀቱ ሕመሙን ይቀንሰዋል።

ስትመለሱ የሎሚ ልጣጭ እንኳ ሳይቀር ቆሻሻውን ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ውጡ። ማስኩን፣ ፊኑንና ድንኳኑን ጅቡቲ እንደደረሳችሁ በንጹህ ውሃ እጠቡ። ጨው የድንኳን ዚፕ ይበላል። ማስክ ደግሞ ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሲሊኮኑ ይበላሻል።