ፒያሳ የት ያበቃል? ድፍንፍን ባሉ ቃላት የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ደውሎ «ፒያሳ ደርሻለሁ» አለኝ። እኔም ደርሻለሁ። እሱ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ፣ እኔ ጊዮርጊስ ጎን ምኒልክ ሐውልት ሥር ቆመን ሃያ ደቂቃ ተፈላለግን። ማናችንም አልዋሸንም። በ2016 ዓ.ም. ከቆዩት ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው እንኳን ሰፈሩ ፒያሳ መባሉን አልተወም፤ ወሰኑን ግን ያኔም ዛሬም የሚያውቅ የለም።

ሥራዬ አራት ኪሎ ተቀምጦ የሰው ጽሑፍ ማረም ስለሆነ፣ በእንዲህ ዓይነት ቃላት የሚሠሩ ስህተቶች በየቀኑ ያጋጥሙኛል።

አንዱ ድፍንፍን ያለውን፣ ማለትም ወሰኑ የማይለየውን ቃል፣ ሁለት ትርጉም ካለው ከአሻሚው ጋር ማምታታት ነው። «ገና ነው» የሚል ጽሑፍ አሻሚ ነው፦ «ና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «አልደረሰም» ይሆናል። ጮክ ብሎ ያነበበው ሰው ይገላገላል። ፒያሳን ግን መቶ ጊዜ ቢጠሩት ወሰኑ አይወጣም። ሰምና ወርቅም የአሻሚው ዘመድ ነው።

ሁለተኛው፣ ወሰን የሌለው ቃል ሁሉ ጉድለት ይመስለናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ፈላስፋ የሚሊጢኑ ዩቡሊደስ ያነሣው እንቆቅልሽ በእኛ አገር እህል ሲነገር እንዲህ ነው፦ ከጤፍ ክምር አንዲት ፍሬ ብታነሣ ክምርነቱ አይቀርም፤ ሌላም ብታነሣ እንዲሁ። ታዲያ ክምር መሆኑ የሚያበቃው በየትኛዋ ፍሬ ነው? መልስ የለውም፤ እህል በረንዳ ግን በዚህ ምክንያት ገበያ ተቋርጦ አያውቅም። ሕገ መንግሥታችንም ዘዴውን ያውቅበታል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ብሎ ቁጥሩን ይቆርጥና፣ የመንገዱን ጊዜ ግን አግባብ ላለው ግምት ይተወዋል። የአገሩን መንገድ ሁሉ በሰዓት ማን ይቆጥራል?

የከፋው ሦስተኛው ነው፦ የሚያውቁትን በድፍኑ መናገር። አንድ መሥሪያ ቤት «ትንሽ ቆይተው ይመለሱ» ተባልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስኩ፤ እንደገና «ትንሽ ይቆዩ»። በሦስተኛው «እህቴ፣ ከምሳ በፊት ነው በኋላ?» ስላት፣ «ኧረ አባቴ፣ ፈራሚው የሚገቡት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው» አለችኝ። ጠዋትም ታውቀው ነበር! «በአስቸኳይ ይፈጸም» የሚል ደብዳቤ ሳርም የምትታወሰኝ እሷ ናት፤ ቀን ጨምሩበት ብዬ እመልሰዋለሁ።

«ከ100 በላይ የሚጠጉ» እና «ወደ 43 ገደማ»ን ባጭሩ ልለፋቸው። መቶን ያለፈ ወደ መቶ አይጠጋም፤ አንድ በአንድ የተቆጠረ ሰውም ገደማ አያሻውም።

ደመወዙን ሲጠይቁት «ተመስገን፣ አያሳጣኝም» ያለውን ሰው ግን ቁጥር ጥራ ብሎ ማፋጠጥ ነውር ነው። መልሱን ሰጥቷል።

ከወዳጄ ጋር አሁን የምንቀጣጠረው «ሐውልቱ ሥር» ብለን ነው። ሰዓቱን ግን ዛሬም «ወደ አሥር ግድም» ይለኛል። የታክሲውን ሰልፍ ስለማውቀው ዝም እላለሁ።