ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ፦ ለቤትም ለስራም የሚሆን ኮምፒውተር እንዴት ይመረጣል

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ኮምፒውተር ልገዛ ነው የሚል ሰው ሲደውልልኝ ጥያቄው ሁሌም "ማክ ይሻላል ወይስ ዊንዶውስ?" ነው፣ አሁን አሁን ደግሞ ስለ ሊኑክስ፣ በነጻ ስለሚገኘው የኮምፒውተር ሲስተም፣ የሚጠይቁ ልጆችም እየበዙ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ልትሰሩበት ነው፣ ፋይሉንስ ከማን ጋር ነው የምትለዋወጡት የሚለውን ነው። የሰፈር ሰው ኮምፒውተር ሳስተካክል ከርሜያለሁ፣ ብዙ ብር ወጥቶባቸው ጥግ ላይ አቧራ የሚጠጡ ጥሩ ጥሩ ማሽኖች አይቻለሁ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ የባለቤቱን ስራ ስላልከፈተ ብቻ ነው። እኔ የምሄድበት መንገድ ይሄው።

1. የግድ የሚያስፈልጋችሁን ፕሮግራም ጻፉ

ወረቀት አውጡና ያለሱ ስራ የማይሰራውን ፕሮግራም ብቻ ጻፉ። "ምናልባት አንድ ቀን እማረው ይሆናል" የሚባለውን ተዉት።

አካውንታንት ሆናችሁ መስሪያ ቤታችሁ ፒችትሪ የሚጠቀም ከሆነ ምርጫው እዚሁ አለቀ፣ ዊንዶውስ ነው። ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል፣ እኛ ጋ ግን ሁሉም በድሮው ስሙ ነው የሚጠራው፣ በማክም በሊኑክስም አይሰራም። ሲቪል ኢንጂነርና አርክቴክትም እንደዛው፣ ኢታብስና ሬቪት የዊንዶውስ ብቻ ናቸው፣ አውቶካድ የማክ ቅጂ አለው፣ የሊኑክስ ግን የለውም። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ፋይናል ከት ማክ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ፕሪሚየር በማክና በዊንዶውስ ይሰራል፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ደግሞ በሶስቱም። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሶስቱም ይሆናሉ፣ የአይፎን አፕ ካልሰራ በስተቀር፣ እሱ ማክ ይፈልጋል። ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ጎግል ዶክስ፣ ዩቲዩብ፣ የልጆች ትምህርት ብቻ ከሆነ ደግሞ ብራውዘር ያለው ሁሉ ይበቃችኋል።

"ማክ ገዝተህ ዊንዶውስ ትጭንበታለህ" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው የድሮ ማኮች ላይ ይቻል ነበር። በፈረንጆቹ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የወጡት፣ ኤም1 ከተባለው የአፕል የራሱ ፕሮሰሰር ጀምሮ ያሉት ማኮች ላይ ግን ዊንዶውስ የሚገባው በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ነው፣ ፓራለልስ የሚባለው በጣም የታወቀው ነው፣ እሱ ደግሞ ይከፈልበታል፣ ራምም ይበላል። አንዲት የማውቃት አካውንታንት እንዲህ ተብላ 8 ጊጋ ራም ያለው ኤም1 ማክቡክ ገዛች። የወር መዝጊያ ላይ ኤክሴሉ፣ ፒችትሪውና ብራውዘሩ አንድ ላይ ሲከፈቱ ማሽኑ ይንቀራፈፍባታል፣ በመጨረሻ የወንድሟን አሮጌ ኤችፒ ተውሳ ስራዋን እሱ ላይ ነው የምትሰራው። ለዕለት እንጀራ የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም በተዘዋዋሪ መንገድ አትክፈቱ።

2. የአማርኛ ፋይሎቻችሁን ፈትሹ

ይሄ ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣ የኮምፒውተር ምክር በሙሉ ይሄን አያውቀውም፣ እኛን ግን በጣም የሚያስቸግረን እሱ ነው።

የድሮ የአማርኛ ጽሁፎች፣ በተለይ የመስሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የማህበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የፈተና ወረቀት ምናምን፣ ብዙዎቹ የተተየቡት ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት ነው። ዩኒኮድ ማለት ለየቋንቋው ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ አይነት ቁጥር የሚሰጥ ስርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ በፈረንጆቹ። ከዛ በፊት፣ ከዛም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ፎንት ሰሪዎቹ የኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያለው እውነተኛው ነገር የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርግፍ ይላል። ሰዉ ያኔ "ማኩ አማርኛ አይችልም" ወይ "ሊኑክሱ ፋይሌን አበላሸው" ይላል፣ ግን ፋይሉ ከድሮም እንደዛ ነበር።

አፈታተሹ ቀላል ነው። አሁን የምትሰሩበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ክፈቱ፣ አንድ መስመር ኮፒ አድርጉ፣ ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ፔስት አድርጉት። አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፣ የትኛውም ማሽን ላይ ይነበባል። ወደ ላቲን ፊደል ከተቀየረ የድሮ ፎንት ነው። ከየፎልደሩ የተወሰኑ ፋይሎች መርጣችሁ ሞክሩ፣ አንድ ፋይል አይታችሁ አትመኑ፣ ምክንያቱም እዛው ኮምፒውተር ላይ የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ፎንት ጽፈው ይሆናል። ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መተየቢያ የሚጠቀም ሰው ራሱ ዩኒኮድ የሚለውን ፎንት መርጦ ከጻፈ ችግር የለውም፣ ሌላውን ከመረጠ ነው ጣጣው።

የድሮ ፎንት ፋይል የበዛበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው፣ ወይ ዊንዶውስ ላይ መቆየት፣ ወይ አሮጌውን ማሽን ከመሸጡ በፊት አስፈላጊዎቹን ወደ ዩኒኮድ መቀየር። ለመዝገብ ያህል ብቻ የሚቀመጡትን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ፎንቱ አብሮ ስለሚገባ የትም ይነበባል።

ዩኒኮድ ሆኖም ሌላ ነገር አለ። ሶስቱም ሲስተሞች የራሳቸው የአማርኛ ፎንት አላቸው፣ ዊንዶውስ ኢብሪማ፣ ማክ ከፋ፣ ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሌላ ቦታ ሲከፈት ሁለት ገጽ ይሆናል፣ ፊርማውና ማህተሙ ለብቻው ሁለተኛው ገጽ ላይ ይወርዳል። ኒያላ የሚባለውን ፎንት የለመዳችሁ ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ የኢትዮፒክ ፎንቶችን መጨመር አለባችሁ፣ ከጅምሩ አብሮ አይመጣም። እኔ ለሁሉም የምመክረው አቢሲኒካ ወይ ኖቶ ነው፣ ነጻ ናቸው፣ ሶስቱም ላይ ይጫናሉ። ለመተየቢያ ደግሞ ኪይማን፣ እሱም ነጻ ነው፣ ሶስቱም ላይ ይሰራል፣ ማሽን ብትቀይሩ እጃችሁ እንደገና አይማርም።

3. መብራትና ዳታ

ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖር ሰው ዴስክቶፕ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለትንሽ ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ከሌለው ባይገዛ እመርጣለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያደርገው ነገር ፓወር ሰፕላይም ሃርድ ዲስክም ይጎዳል። ላፕቶፕ ይሻላል፣ በዚህ በኩል ደግሞ እውነቱን ለመናገር ከኤም1 ወዲህ ያሉትን ማኮች የሚያክል የለም። ኤም1 ኤር ቻርጀሩ 30 ዋት ብቻ ነው፣ ፒዲ በሚባለው፣ ላፕቶፕ መሙላት በሚችል ፓወርባንክም ይሞላል፣ ማታ መብራት ቢጠፋ ስራችሁን ጨርሳችሁ ነው የምትተኙት። ባትሪው የደከመ ዩዝድ ኤችፒ ይሄን አይሰጣችሁም።

ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ዊንዶውስ ላይ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር የስልካችሁን ሆትስፖት ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የተወሰነ ነው የሚል ምልክት) ማድረግ ነው፣ ካላደረጋችሁት አፕዴቱ ጥቅላችሁን ሳታዩት ይጨርሰዋል። ማክ ላይ ሎው ዳታ ሞድ አለ፣ አይክላውድ ፎቶ የሚለውንም ኦፍ አድርጉት። ከሊኑክስ አይነቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት ሳታዙት አፕዴት አያወርድም፣ ይሄን በጣም እወድለታለሁ።

4. ሊኑክስን ሳትጭኑ ሞክሩት

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ሚንትን አውርዳችሁ ሩፈስ በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጫኑት፣ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን እወቁ፣ ከዛ ኮምፒውተሩን ስታስነሱ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12 ተጭናችሁ ፍላሹን ምረጡ። ዊንዶውሳችሁ ሳይነካ ሊኑክሱ ከፍላሹ ይነሳል። ዋይፋይ፣ ድምጽ፣ ካሜራ፣ ፕሪንተር ሞክሩ። የኤችፒ ፕሪንተሮች ብዙ ጊዜ ያለጣጣ ይሰራሉ፣ ትንንሾቹ የካኖን ሌዘሮች ግን ድራይቨር ፈልጋችሁ እንድትጭኑ ይጠይቃሉ።

ይሄን የምለው አሮጌ ላፕቶፕ ላላችሁ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና ከኢንቴል ቢያንስ 8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በአቋራጭ የሚጭኑላችሁ አሉ፣ ለስራ ማሽን ግን አልመክርም፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስም አልመክርም፣ ማንነቱን የማታውቁት ሰው የሰራውን ፕሮግራም ሙሉ ፈቃድ ሰጥታችሁ ነው የምታስገቡት። 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ላይ ሚንትና ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማስቀመጫ) አድርጉበት፣ ለልጆች ትምህርትና ለቤት ገና ብዙ ያገለግላል።

5. ሱቅ ስትሄዱ

ሻጩ "ኮር አይ5 ነው" ሲላችሁ አይበቃም፣ ጄኔሬሽኑን ራሳችሁ እዩ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ ከሰረዟ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ5-8250ዩ ካለ 8ኛ ነው፣ አይ5-7200ዩ ካለ 7ኛ፣ አይ5-1135ጂ7 ካለ 11ኛ። ከውጭ ሲያዩአቸው ብዙም አይለያዩም፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ4 አብዛኛውን ጊዜ 7ኛ ነው፣ ጂ5 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 8ኛ፣ አንዲት ቁጥር ናት ዊንዶውስ 11 የሚቀበለውንና የማይቀበለውን የምትለየው። ቲንክፓድ ከሆነ ቲ480 ጥሩ መነሻ ነው። የነዚህ ራማቸው ይጨመራል፣ ባትሪያቸው ይቀየራል፣ ዕቃቸውም ገበያ ላይ አለ። የአዲሶቹ ማክቡኮች ራም ግን ከገዛችሁት በላይ መቼም አይጨመርም፣ ስለዚህ ስትገዙ 16 ጊጋ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

ኢንቴል ማክ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ። አፕል ታሆ የተባለው ማክኦኤስ ለኢንቴል የመጨረሻው እንደሆነ ተናግሯል።

ባትሪውን ለማወቅ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ እያጫወታችሁ ሻጩን አውሩት፣ ፐርሰንቱ ቶሎ ቶሎ ከወረደ ዋጋ ላይ ተነጋገሩ። ማክ ላይ ሲስተም ሪፖርት ውስጥ ፓወር የሚለው ጋ የሳይክሉ ቁጥር፣ ባትሪው ስንት ሙሉ ዙር እንደሰራ ማለት ነው፣ ተጽፏል፣ ለአብዛኞቹ ማክቡኮች ወሰኑ 1000 ነው። ከሁሉ በላይ ግን ማኩን እዛው ሱቅ ውስጥ ኢሬዝ አስደርጋችሁ፣ ሙሉ በሙሉ አስጠፍታችሁ፣ ከዋይፋይ ጋር አገናኙት። የድሮ ባለቤቱን አፕል አይዲ ከጠየቀ፣ ወይም ሪሞት ማኔጅመንት የሚል ገጽ ካመጣ (አንድ ድርጅት የሚቆጣጠረው ማሽን ነው ማለት ነው) ተዉት፣ "እኛ እናስከፍተዋለን" ቢሏችሁም ተዉት። ኤችፒና ዴል ላይ ደግሞ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ፣ ፓስወርድ ከጠየቀ እሱንም ተዉት።

ከተስማማችሁ የመመለሻ ጊዜውን በቃል ሳይሆን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ቤት ስትገቡ ፍላሻችሁን ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት አድርጉት፣ ማክ በዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የሆነ ፍላሽ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፣ ኤክስፋት ግን ሶስቱም ጋ ይሰራል።