ለአካል ጉዳት ድጋፍ ከማመልከትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ገጠር አካል ጉዳተኛ ከመንግሥት የሚያገኘው ቋሚ ድጋፍ በአብዛኛው የሚመጣው ድሃ ቤተሰቦችን በገንዘብ ወይም በእህል በሚደግፈው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በኩል ነው። ፕሮግራሙ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቢሆንም በሁሉም ወረዳ አይሠራም፤ ስለዚህ ወረቀት ከማሰባሰብዎ በፊት ወረዳዎ የታቀፈ መሆኑን ቀበሌውን ይጠይቁ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ድጋፉን የሚያስቀምጠው መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ነው። ኮታ አለ ማለት ነው፤ የተዝረከረከ ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ሰው ቀድሞ ይወድቃል።

ጉዳት ስላለብኝ ብቻ ይገባኛል ማለት

የሚመዘነው ግለሰቡ ሳይሆን ቤቱ ነው። ቋሚ የቀጥታ ድጋፍ የሚሰጠው ሠርቶ የሚያበላ ጉልበት ለሌለው ድሃ ቤተሰብ ነው። መሥራት የሚችል አዋቂ ካለ ቤተሰቡ ሠርቶ ድጋፉን ወደሚያገኝበት የማኅበረሰብ ሥራ ይመደባል፤ ጉዳተኛው እንዲሠራ አይጠየቅም፣ ነገር ግን በቤተሰብ ቁጥር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማመልከቻው ቤቱን ይግለጽ፦ ስንት ሰው አለ፣ ማን ያርሳል፣ መሬቱ ለእኩል ተሰጥቷል ወይስ ጦሙን አድሯል፣ በሬ አለ ወይስ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚጎዳው በመዝገቡ ነው። ልጅ አዲስ አበባ ከገባ ዓመታት ቢያልፉም መሸኛ ስላልወሰደ ስሙ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ተጠቃሚ የሚመለምለው የአካባቢው ኮሚቴ መዝገቡን ሲገልጥ ጎልማሳ ወንድ ያለበት ቤት ያያል። ከማመልከትዎ በፊት የቤተሰብ ቅጹን አስወጥተው ያንብቡት፤ የሄደውን ያስነሱ፣ የሞተውን ያስሰርዙ።

የበሽታውን ስም ብቻ የያዘ የሕክምና ወረቀት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። «የግራ እግር ስብራት ነበረው» የሚል ወረቀት ለኮሚቴው ምንም አይነግረውም፤ ተሰብሮ ድኖ የሚያርስ ሞልቷል። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «ያለ ምርኩዝ መራመድ አይችልም፤ ማረስ፣ መቆፈርና ሸክም ማንሳት አይችልም፤ ጉዳቱ ዘላቂ ነው»። ሐኪሙ ይህን የሚጽፈው ሲነገረው ነው። ስለዚህ ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ቤት ውስጥ ያስቡበት፦ ውኃ መቅዳት ይችላል? ሽንት ቤት ብቻውን ይሄዳል? ልብሱን ማን ያለብሰዋል? መልሱን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት፤ ማፈር አያስፈልግም።

ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣ ሰው ሳይመለስ ወረቀቱን እዚያው መስኮት ላይ ይመልከተው። ቁጥር፣ ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ማኅተም። ማኅተም የጎደለው ወረቀት ሌላ የትራንስፖርት ወጪ ነው።

የማይታየውን ጉዳት መደበቅ

የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ልጅ ሰው እንዳያውቅብን ብሎ ጓዳ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ አለ። መልማዩ ግን ጎረቤቱ ነው፤ ያላየውን አይመሰክርም፣ መዝገቡም ልጁን ጤነኛ ጉልበት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚወስዱም ቢሆኑ ጎን ለጎን በአቅራቢያቸው ካለ ጤና ጣቢያ ካርድ ያውጡ። ሐኪም ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ምን ያህል ጊዜ እንደሚጥለው ሊጽፍ የሚችለው በየጊዜው የተመዘገበ ካርድ ሲኖር ነው። ለጎጥ ተወካዩና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም አስቀድመው ይንገሩ።

ስምና ቀን አለመጣጣም

መታወቂያው ላይ ኃይሌ፣ ካርዱ ላይ ሃይለ ማርያም፣ የባንክ ደብተሩ ላይ በክርስትና ስም ከሆነ ሦስት ሰው ነው። የአያት ስም ሳይቀር ከመታወቂያው እየተገለበጠ ይጻፍ። ሆስፒታል ቀኑን የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ «እ.ኤ.አ.» መባሉን ያረጋግጡ።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ መሄድ

ልየታው በጎጥ ተጀምሮ በቀበሌ ይጣራል፣ ዝርዝሩም ለሕዝብ ይነበባል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ ማጣሪያው መቼ እንደሆነ ከወራት በፊት ይጠይቁ። መምጣት የማይችል ሰው ካለ ክፍያ የሚቀበልለት ተወካይም ያን ጊዜ ይመዝገብ፤ የክፍያ ዕለት ተወካይ መፈለግ ገንዘቡን ያዘገያል። «አስገባልሃለሁ» ለሚል ጉዳይ አስፈጻሚ አንድ ብር እንዳትሰጡ።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት

ተቀጣሪ የነበረ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጡረታውን ነው። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በጤና ጉድለት ከሥራ የተሰናበተ የጤና ጉድለት አበል ዕድሜ ልኩን ያገኛል፤ ከዚያ በታች ያገለገለ የሚያገኘው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። ይህን ቀበሌ አይወስንም፤ የመንግሥት ሠራተኛም የግል ድርጅት ሠራተኛም የየራሱ የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር አለው። የሕክምና ወጪ ብቻ የከበደው ደግሞ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መክፈል ከማይችሉት ተርታ እንዲመዘገብ ይጠይቅ። ሰው ሠራሽ እግር የሚፈልግ ለደሴው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሪፈር ያጽፍ።

ኦሪጅናሉን መተው

ኮፒውን ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ስምዎ ከዝርዝሩ ከቀረ የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የሚጠይቅዎ መጀመሪያ ይህንኑ ነው። ቅሬታውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ወረዳ ድረስ የሚሄዱት በዚያ ወረቀት ነው።