የሞዴል መኪና ቀለም ማስለቀቅ፦ ችግሩና መፍትሄው

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ትቆም ነበር። እሷን ላስመስል ብዬ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራውን 1/24 (ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ የምታንስ) የፕላስቲክ ቮልስ ገጣጠምኩ። ቸኩዬ እስፕሬዩን በአንድ ጊዜ አወፈርኩት። ቀለሙ በሮቹ ላይ ወረደ፣ የኮፈኑ መስመር ተደፈነ። ያኔ ነው ቀለም ማስለቀቅ የተማርኩት።

አብዛኞቹ ሞዴል መኪናዎች ከፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ነው የሚሠሩት። ይህ ፕላስቲክ አንዳንድ ፈሳሾችን ጭራሽ አይችልም። ስለዚህ ማንኛውንም ማስለቀቂያ መጀመሪያ ክፍሎቹ ተያይዘው በሚመጡበት ትርፍ ፕላስቲክ ላይ ሞክሩት። አንድ ሌሊት አሳድሩትና ጠዋት በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ካልለሰለሰና ካልተሰነጠቀ ወደ ቦዲው እለፉ።

ፕላስቲኩ ለሰለሰ፣ እጅ ላይ ተጣበቀ

ምክንያቱ አሴቶን፣ ቲነር ወይም ቤንዚን ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙ ጊዜ አሴቶን አለው። ለእውነተኛ መኪና የሚሸጠው ቀለም ማስለቀቂያም ለብረት እንጂ ለዚህ ፕላስቲክ አይሆንም። የሞዴል ማጣበቂያ ራሱ የሚሠራው ፕላስቲኩን አሟምቶ እርስ በርሱ በማዋሃድ ነው። እነዚህም ያንኑ ያደርጋሉ፣ ግን ሙሉው ቦዲ ላይ።

ይህ ከደረሰ አትፈትጉት፣ አትንኩት። አየር በሚገባበት ቦታ ጥቂት ቀን ተዉት። ሲጠነክር በስቱኮ ሞልታችሁ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። የጠፋ የበር እጀታ ወይም ጽሑፍ ግን አይመለስም። ለዚህ ነው ሙከራውን አትዝለሉ የምለው።

ቀለሙ አልለቅ አለ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቀለሙ እንቢ ሲል ጉልበት እንጨምራለን ወይም ጠንካራ ኬሚካል እንፈልጋለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ጊዜ ነው፣ ወይም ማስለቀቂያው ከቀለሙ ጋር አልገጠመም።

ቀለሙ አክሪሊክ የሚባለው ዓይነት ከሆነ 91 ወይም 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃዋል። 70 በመቶውም ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቦዲውን ሙሉ በሙሉ አስጥሙት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጓንት አድርጋችሁ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እሹት። የቀረ ካለ መልሳችሁ ንከሩት። የታሚያ ቲኤስ የተባለው እስፕሬይ ላከር የሚባል ሌላ የቀለም ዓይነት ነው፤ እሱም በ99ኙ አልኮል ውስጥ አንድ ቀን ሲያድር ብዙ ጊዜ ይላላል። አደራ፣ የአልኮል ትነት በቀላሉ እሳት ይይዛል። ቡና የሚፈላበት ከሰል፣ ሻማ ወይም ሲጋራ ባለበት ክፍል አትሥሩ።

ቀለሙ የደረቀ ኢናሜል (የዘይት ቀለም) ሲሆን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት የኦቨን ማጽጃ ይሻላል። ውጭ ሆናችሁ ቦዲው ላይ ንፉበት፣ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት፣ አሳድሩት። ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።

የፍሬን ዘይት የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ በርግጥም ቀለም ያስለቅቃል። እኔ ግን አልመክረውም። መርዛማ ነው፣ አወጋገዱ ያስቸግራል፣ አንዳንድ ፕላስቲክንም ያደርቃል።

ቦዲው ተሰነጠቀ ወይም ተጣመመ

ፓራብሬዛውን የያዙት ቀጫጭን ዘንጎች ቀድመው ይሰበራሉ። መንስኤው ረጅም ንክር ወይም ሲታሽ የተደረገ ጫና ነው። ጣራውን ከውስጥ በጣታችሁ ደግፋችሁ እሹ። መጣመም ደግሞ የሚመጣው ከሙቅ ውሃ ነው፤ ሁልጊዜ ለብ ባለ ውሃ እጠቡ።

መስታወቱ ደበዘዘ፣ ክሮሙ ጠፋ

አልኮል ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። መስታወቱን ከመንከራችሁ በፊት አውጡት። የፓራውልትና የቸርኬ ክሮም ደግሞ በጣም ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው። የኦቨን ማጽጃም በረኪናም ይበላዋል። ክሮሙን ማንሳት ከፈለጋችሁ በረኪና ራሱ ጥሩ መፍትሄ ነው። በረኪናን ግን ከአልኮልም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

መስመሮቹ ውስጥ ቀለም ቀረ

ቢላ አታስገቡ። ጫፉ የሾለ የጥርስ እንጨት አልኮል ውስጥ ነክራችሁ መስመሩን ተከተሉ።

አዲሱ ቀለም አልያዝ አለ

የማስለቀቂያው ቅባት ወይም የእጅ ወዝ ቀርቶበታል። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፣ አንድ ቀን አድርቁት፣ ከዚያ በጓንት ብቻ ያዙት። ፕላስቲኩ ራሱ ቀይ ከሆነ ቀይነቱ ወደ ላይ ሊወጣና የምትቀቡትን ነጭ ቀለም ሮዝ ሊያደርገው ይችላል። መጀመሪያ በብርማ ቀለም ሸፍኑት፣ ከዚያ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ቀቡ። የኔዋ ቮልስ ፕላስቲክ ነጭ ስለነበር ፕራይመር ብቻ በቃት። ሰማያዊውን በ4 ስስ ንብርብር ነፋሁት፤ የኮፈኑ መስመር አሁን ጥርት ብሎ ይታያል።