ማኅተም ከማስቀረጽዎ በፊት፦ የማዕድን ባለሙያዎች የቡና ማኅበር ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሙያ ባልደረቦች በወር አንድ ጊዜ ቡና እየጠጣን የምንጫወትበት ማኅበር ለመጀመር ባደረግሁት የመጀመሪያ ሙከራ አሥራ አንድ ሆነን መገናኛ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ተሰበሰብን። ቡናው ሳይቀርብ ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጥን፤ የሚያዝ ገንዘብ ግን አልነበረም። ሁለተኛው ስብሰባ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አራት ላይ በተነሣ ክርክር አለቀ። በሦስተኛው የተገኘነው እኔና ጸሐፊው ብቻ ነን። ቃለ ጉባኤ ግን ተይዟል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ደንብን ማስቀደም ነው። ማኅተምና የለጋሽ ገንዘብ የሚፈልግ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይመዝገብ፤ መንገዱ ክፍት ነው። በወር አንድ ጊዜ ቡና ለመጠጣት ግን የሚበቃው ቀኑን አስታውሶ ስልክ የሚደውል አንድ ሰው ነው። በጽዋ ማኅበር ተረኛው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እርስዎም ሰብሳቢውን ትተው ተረኛ ያብጁ።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉም ሰው አዲስ አበባ የሚያድር ይመስል ቀን መቁረጥ ነው። የዚህ ሙያ ሰው ግማሹ እንደ ለገደንቢ፣ ኩርሙክ ወይም ዳናኪል ባሉ ሩቅ የማዕድን ሥፍራዎች ነው ያለው፤ ለሳምንታት ሠርቶ ለዕረፍት ይመጣል። እኛ «የወሩ መጨረሻ ሐሙስ» ብለን ወሰንን። አንድ የቁፋሮ ባለሙያ ወዳጄ ዕረፍቱ ሁልጊዜ በወሩ መጀመሪያ ስለሚውል አንድም ቀን ሳይገኝ ዓመቱ አለቀ። አሁን አስቀድመን የምንጠይቀው ከሳይት ማን መቼ እንደሚመጣ ነው፤ ቀኑም በዚያ ይቆረጣል። እሑድን ግን አንነካም፤ ያ የልጆቻቸው ነው።

ጂኦሎጂስት ብቻ መጥራትም ማኅበሩን ያጠብበዋል። ቀያሹ፣ የቤተ ሙከራው ሰው፣ የማዕድን ሕግ የሚያውቀው ጠበቃ፣ ማሽን የሚጠግነው መካኒክ ይምጡ። ሥራ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው መካኒኩ ነው።

ንግግርና ስላይድ ደግሞ ጨዋታ ይገድላሉ። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ የዋለ ሰው ማታ ሌላ ስብሰባ አይፈልግም። ከንግግር ይልቅ ድንጋይ ይዘው ይምጡ። አንድ ማታ በከበሩ ድንጋዮች ንግድ የሚሠራ ባልደረባችን የደላንታ ኦፓል ከኪሱ አውጥቶ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጣለው። ወሬያችንን ቀጠልን። ቆየት ብለን ስናየው ድንጋዩ እንደ መስታወት ጠርቷል፤ ቀለማቱም ደብዝዘዋል። ዕድሜውን ወርቅ ሲፈልግ የኖረ አንድ መሐንዲስ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንሥቶ «አበላሸኸው!» አለ። አልተበላሸም፤ የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ስለ ድንጋዩ ጀምረው ስለ ገዢው፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ቆራጩ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አወሩ። እንዲህ ያለ ጨዋታ በስላይድ አይገኝም።

ጨዋታው ሲደራ የሚመጣው ስህተት ግን ቀላል አይደለም፤ የአሠሪን ምስጢር ማውጣት ነው። የቱሉ ካፒ የወርቅ ፕሮጀክት ባለቤት የሆነው ኬፊ ኩባንያ በለንደን የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ነው፤ እንዲህ ላለ ኩባንያ ይፋ ያልሆነ የቁፋሮ ውጤት የአክሲዮን ዋጋ የሚያንቀሳቅስ መረጃ ነው። አንድ ጀማሪ በኩራት የሚናገራት የግራም ቁጥር (በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ስንት ግራም ወርቅ እንደተገኘ) ከሥራ ልታስወጣው፣ በሕግም ልታስጠይቀው ትችላለች። ስለ አሠራር እንጂ ስለ ውጤት እንደማይወራ ለአዲስ ገቢ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።

ደላላም ይመጣል፣ አይቀርም። «የማዕድን ምርመራ ፈቃድ አለኝ፣ ገዢ አገናኙኝ» ይላል። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድን ለሌላ ማስተላለፍ የፈቃድ ሰጪውን ይሁንታ ይጠይቃል፤ በቡና ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። እኛ እንዲህ ያለውን እንግዳ ቡናውን ጋብዘን እንሸኘዋለን፤ በቀጣዩ ወር ግን አንደውልለትም።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ የራሱን ይክፈል። አንድ ጊዜ አንድ ዕቃ አቅራቢ ለሁላችንም ከፈለ። በሚቀጥለው ወር ካታሎግ ይዞ መጣ።